የጥርስ ሐኪም መብራትና የሐይቅ ውሃ፦ በደሴ የተሠራ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 4

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። ስለ ሕዋስ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ፣ በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴና ቀይ ሆኖ የሚያበራ የሕዋስ ፎቶግራፍ እያሳየሁ ሳለ፣ «መምህር፣ ይህ ቀለም የራሱ ነው ወይስ በኮምፒውተር የተቀባ?» ብላ ጠየቀችኝ። የራሱ ብርሃን ነው ብዬ መለስኩላት፤ ይሁን እንጂ መልሱ ከንባብ ያገኘሁት እንጂ በዓይኔ ያየሁት ስላልነበረ፣ ከክፍል ስወጣ ልቤ አልረካም ነበር።

በቤተ ሙከራችን ቁም ሣጥን ውስጥ አምፖሉ ከተቃጠለ ዓመታት ያለፉት፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት ማይክሮስኮፕ አለ። ባለ 4፣ ባለ 10ና ባለ 40 ሌንሶቹ ደኅና ናቸው። ይህን መሣሪያ ወደ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ለመለወጥ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ሥራው የሚቆምበት መሠረት አንድ ነው። በአየርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ የሠራው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት ሙሙት ዓይን የማያየውን ከወይን ጠጅ ቀለም ማዶ ያለውን ብርሃን ውጦ ሰማያዊ ብርሃን መልሶ እንደሚሰጥ አሳየ፤ ክስተቱንም ፍሎራይት ከሚባለው ማዕድን ስም በመነሣት ፍሎረሰንስ ብሎ ጠራው። የሚወጣው ብርሃን ከገባው ይልቅ ረዥም የሞገድ ርዝመት አለው። ስለዚህ የገባውን ቀለም የሚያስቀር፣ የወጣውን ግን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ከዓይን በፊት ከተቀመጠ፣ የሚያበራው ነገር ብቻውን በጨለማ ውስጥ ይታያል። ችግሩ ሐሳቡ ሳይሆን ማጣሪያው ነው፤ ለዚህ ተብሎ የሚሠራው ማጣሪያ በእኔ ደመወዝ የሚደፈር አይደለም።

ጥቅምት 7

ከፒያሳ የሐሰት ብር መለያ ትንሽ የእጅ ባትሪ ገዛሁ። በላዩ ላይ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት የሚገልጽ 395 ናኖሜትር የሚል ተጽፎበታል። ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ሥር ከተጠራቀመው አረንጓዴ ውሃ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጌ፣ መብራት አጥፍቼ ባትሪውን ከጎን አበራሁበት። ወዲያው ረዣዥም፣ የተጠማዘዙ፣ ሰማያዊ ነጭ ሆነው የሚያበሩ ክሮች ታዩኝ። ክር መሰል አልጌ አገኘሁ ብዬ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ ለሁለት የሥራ ባልደረቦቼም በስልክ ነገርኳቸው።

ጥቅምት 8

ማፈር ነው። ዛሬ ጠዋት ከቧንቧ የቀዳሁትን ንጹሕ ውሃ በተመሳሳይ መንገድ ብመለከት ያው ክሮች በብዛት ይታያሉ። ስላይዱን የጠረግሁት በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነበር። የልብስ ሳሙና ዱቄት ነጭ ልብስ ይበልጥ ነጭ መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ አብሪ ቀለም አለው፤ ይህም ቀለም ከጥጡ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ወይን ጠጅ ብርሃን ሲያገኘው ሰማያዊ ያበራል። እኔ ያደነቅሁት አልጌ የባለቤቴ እጥበት ነበር። እርሷ እስካሁን እየሳቀችብኝ ነው፤ ለባልደረቦቼ ደግሞ መልሼ መደወል ነበረብኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ናሙና ከማየቴ በፊት ናሙናው የሌለበትን፣ የቀረው ሁሉ ግን ያልተለወጠበትን ስላይድ አያለሁ። በማስታወሻዬ «ባዶው ስላይድ» እያልኩ እጠራዋለሁ። መጥረጊያው ጨርቅም ተጥሎ በለስላሳ የሌንስ ወረቀት ተተክቷል።

ጥቅምት 12

ከትናንት በስቲያ ጥርሴን ለማስሞላት ሄጄ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ የምፈልገው ነገር ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። የጥርስ መሙያውን የሚያጠነክረው መብራት ሰማያዊ ነው፤ ምክንያቱም በመሙያው ውስጥ ያለው ካምፎርኩዊኖን የሚባል ንጥረ ነገር ብርሃንን በብዛት የሚቀበለው 468 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ዓይኑን የሚከልልበት ብርቱካናማ ፕላስቲክ ደግሞ ያንኑ ሰማያዊ ብርሃን አግዶ አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ያሳልፋል። አመንጪ ብርሃንና ማገጃ ማጣሪያ፣ ሁለቱም በአንድ እቃ ላይ!

ዛሬ ተመልሼ ሄጄ የተበላሸ ካላቸው እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። ባትሪው የሞተና ከልካዩ የተጫጫረ አሮጌ መሣሪያ ከመሳቢያ አወጡና፣ «አብሽር መምህር፣ ውሰደው፤ እኔ ዘንድ አቧራ ከሚጠጣ አንተ ዘንድ ይሥራ» አሉኝ። ዋጋ ስጠይቃቸው የሚታይ ነገር ሲኖር ጠርቼ እንዳሳያቸው ብቻ ነገሩኝ።

ጥቅምት 15

መሣሪያው በየ20 ሰከንዱ በራሱ የሚጠፋ በመሆኑ እንዳለ አልጠቀመኝም። ብርሃን ሰጪውን ክፍል፣ ኤልኢዲውን፣ ፈትቼ አወጣሁት። በ350 ሚሊአምፔር ሲሠራ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ 3.1 ቮልት ገደማ ለካሁ፤ የማበራበት የአሮጌ ላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ 4 ቮልት ቢሰጥ፣ የቀረው 0.9 ቮልት ለ0.35 አምፔር ሲካፈል 2.6 ኦም ይሆናል። የ2.7 ኦም ባለ አንድ ዋት ሬዚስተር ከሬዲዮ ጠጋኙ አገኘሁ። በባትሪ መሥራቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቆምም፣ እንዲያውም ክፍሉ ስለሚጨልም ይሻላል።

ኤልኢዲው ያለ ማቀዝቀዣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ጣት የሚያቃጥል ሆነ። ኮምቦልቻ ጉዳይ ስለነበረኝ መስኮትና በር ከሚሠራ ቤት የአልሙኒየም ፍሬም ቁራጭ ለምኜ አመጣሁ። አሁን አንድ ሰዓት ሙሉ ቢበራም ለብ ከማለት አያልፍም።

ጥቅምት 19

ዛሬ የዋልኩት የብርሃኑን አቅጣጫ በማስተካከል ነው። በዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ብርሃኑ የሚወርደው በራሱ በተመልካቹ ሌንስ ውስጥ ሲሆን፣ አጭሩን ሞገድ አንጸባርቆ ረዥሙን የሚያሳልፍ ልዩ መስታወት ሁለቱን ይለያቸዋል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፋው ሆላንዳዊው ዮሃን ፕሉም ነው። እኔ ያ መስታወት ስለሌለኝ ብርሃኑን ከስላይዱ በታች ከጎን አስገድሜ ወደ ሌንሱ በቀጥታ እንዳይገባ ማድረግ ነበረብኝ። ባለ 10 ሌንስ ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙን የሚገልጸው ቁጥር 0.25 ስለሆነ ከመካከለኛው መሥመር እስከ 14.5 ዲግሪ ድረስ ያዘነበለ ብርሃን ይቀበላል፤ ባለ 40ው ግን 0.65 ስለሆነ እስከ 40.5 ዲግሪ ድረስ ይቀበላል። ስለዚህ ኤልኢዲውን በ55 ዲግሪ አጋድሜ በእንጨት መደገፊያ ላይ አሰርሁት። ከብርቱካናማው ፕላስቲክ ደግሞ ብዙ ያልተጫረውን ክፍል መርጬ በመጋዝ ክብ አድርጌ ቆረጥኩና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ከዓይን ሌንሱ በታች አስገባሁት።

ለሚሞክር ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህ ሰማያዊ ብርሃን የዓይንን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚጎዳ፣ ብርቱካናማው ከልካይ ሳይኖር መብራቱን በቀጥታም ሆነ በማይክሮስኮፑ ውስጥ ማየት ፈጽሞ አይገባም። የቀረውን ቁራጭ በማይክሮስኮፑ ፊት እንደ መጋረጃ አቁሜዋለሁ።

ጥቅምት 23

ባዶው ስላይድ አልጨለመም። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ጭጋግ መላውን እይታ ሸፍኖታል። ሰማያዊ የሚባለው ኤልኢዲ ጥቂት አረንጓዴ ብርሃንም አብሮ ስለሚያወጣ፣ ያ ክፍል ማገጃውን አልፎ ይመጣል። መብራቱም የራሱ ማጣሪያ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የቀለም ማጣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ተመራማሪዎች የመዳብ ሰልፌትና የአሞንያ ሙሙት ይጠቀሙ ነበር፤ ሁለቱም በቤተ ሙከራችን አሉ። አሞንያው በመዳብ ሰልፌቱ ላይ ጠብ ሲል መጀመሪያ ፈዛዛ ሰማያዊ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ሲጨመርበት ግን ዝቃጩ ሟሙቶ እጅግ የጠለቀ፣ የመስቀል ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ሙሙት ሰማያዊውን አሳልፎ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ያለውን ይውጣል። ሙሙቱን የሚይዘውን ጠፍጣፋ ሣጥን ከስላይድ መስታወቶች በሲሊኮን አጣብቄ ሠራሁ።

ጥቅምት 24

ሣጥኑ ሌሊት አፍስሶ ጠረጴዛውን ሰማያዊ አድርጎታል፤ የአሞንያው ሽታ ደግሞ ቤቱን ሁሉ ሞልቶታል። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ሙሙቱን መጨመሬ ነው ጥፋቱ። ከእንግዲህ ይህ ሥራ በረንዳ ላይ እንዲሆን በቤተሰብ ስብሰባ ተወስኗል።

ጥቅምት 27

ሁለተኛው ሣጥን ይዟል፤ ባዶው ስላይድም ጨልሟል። ጥቂት የሚበሩ የአቧራ ነጥቦች ብቻ ይታያሉ።

ለመጀመሪያው እውነተኛ ሙከራ ከዓይን ክሊኒክ የሚሠራ ወዳጄ የሰጠኝን የፍሎረሲን ወረቀት ተጠቀምኩ። አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1871 የሠራው ይህ ቀለም፣ የዓይን ሐኪሞች በብሌን ላይ ያለ ጭረትን ለማየት ዛሬም የሚጠቀሙበት ነው። የወረቀቱን ጫፍ በውሃ ነክሬ አንድ ጠብታ ባሳርፍ፣ ጠብታው በቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ተቀጣጠለ። ብርሃኑ እጅግ የሚያይለው 515 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የእኔ ብርቱካናማ ማገጃ ከዚያው ጥቂቱን ስለሚቆርጥብኝ ከሚገባው በላይ ቢጫ ሆኖ ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሙከራ በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። ሎሚ ጨምቄ አንድ ጠብታ ብጨምርበት ብርሃኑ ጠፋ ለማለት እስኪቻል ድረስ ደበዘዘ። ቀለሙ ተበላሸ ብዬ ቤኪንግ ሶዳ ብነሰንስበት ግን አረፋ እየደፈቀ እንደገና በራ። የፍሎረሲን ሞለኪውል በኮምጣጣ ሙሙት ውስጥ ሃይድሮጂን ሲይዝ ብርሃን የመቀበልና የመስጠት ኃይሉ ይቀንሳል፤ የሙሙቱ ኮምጣጣነት ሲቀንስ ደግሞ ኃይሉ ይመለስለታል። ለውጡ የሚፈጠረው በፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ) 6.4 ዙሪያ ስለሆነ፣ ለሕያው ሕዋስ ቅርብ በሆነ ክልል ውስጥ ነው።

እንግዲህ «ጠቋሚ» የሚለው ቃል ሙሉ ትርጉሙ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ማቅለሚያ አንድ ነገር የት እንዳለ ብቻ ያሳያል፤ ጠቋሚ ግን በዙሪያው ያለው ሁኔታ ምን እንደሆነ ይናገራል። የፍሎረሲን ዘመዶች የሕዋስን የውስጥ ፒኤች ለመለካት ያገለግላሉ። ሮጀር ቺየንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያስተዋወቁት ፉራ 2 የተባለው ቀለም ደግሞ ካልሲየም ሲይዝ ብርሃን የሚቀበልበትን የሞገድ ርዝመት ይለውጣል፤ በ340ና በ380 ናኖሜትር ተለዋውጦ ሲበራበት የሁለቱ ውጤት ጥምርታ የካልሲየሙን መጠን ይሰጣል። ጥምርታው ያስፈለገበትን ምክንያት አሁን በሚገባ ተረድቻለሁ፤ የእኔ ጠብታ ሲደበዝዝ ሎሚው ይሁን፣ ቀለሙ አንሶ ይሁን፣ መብራቱ ደክሞ ይሁን በአንድ ቁጥር ብቻ መለየት አልችልም ነበርና።

ኅዳር 3

ከሰኞ ገበያ የገዛሁትን እርድ በንጹሕ አልኮል ዘፍዝፌ አጠለልሁት። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በውሃ ውስጥ እምብዛም አያበራም፤ በቅባት ወይም በአልኮል ውስጥ ሲሆን ግን ደምቆ ያበራል። አንድ ጠብታ በትኩስ ላም ወተት ውስጥ ጨምሬ ስመለከት፣ የወተቱ የቅባት እንክብሎች በሙሉ እንደ ወርቅ ዛጎል ተለያይተው ታዩኝ፤ ትንንሾቹ ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ።

ባዶው ስላይድ፣ ማለትም እርድ የሌለበት ወተት፣ እንደ ፈራሁት ጨለማ አልነበረም። እንክብሎቹ ጥቁር ሆነው በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ በስሱ አረንጓዴ ያበራል፤ ይህ በወተት ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ2 ወይም ሪቦፍላቪን ነው፤ ሰማያዊ ተቀብሎ 530 ናኖሜትር ገደማ አረንጓዴ ይሰጣል። ተመራማሪዎች በሕያው ሕዋስ ላይ ሲሠሩ የሚያስቸግራቸው የሕዋሱ የራሱ ብርሃን የሚባለው ይኸው ነው፤ ጨምረን ካስገባነው ቀለም የሚመጣውን ብርሃን ለመለየት፣ ሳንጨምር የነበረውን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል።

ወተቱን ከቤት ስለወሰድኩ የምሽቱ ቡና በወተት አልነበረም።

ኅዳር 9

ከደሴ መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፍሬ 30 ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። ከሐይቁ ዳርቻ ሦስት ጠርሙስ ውሃ ቀዳሁ፤ ምን እንደማደርግ ለጠየቁኝ ልጆች ለማስረዳት ውሃውን ከመቅዳት የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

ማታ ቤት ደርሼ ያየሁት ከጠበቅሁት በላይ ነበር። በአልጌ ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ምንም ቀለም ሳይጨመርበት 680 ናኖሜትር አካባቢ የጠለቀ ቀይ ያበራል። በነጭ ብርሃን የቆሸሸ ውሃ የሚመስለው ጠብታ በሰማያዊው ብርሃን ሲታይ ፍም የተበተነበት ሜዳ ሆነ፤ ክብ የአልጌ ስብስቦች፣ ዳያቶም የሚባሉ የመርከብ ቅርጽ ያላቸው አልጌዎች፣ እየዋኙ የሚያልፉ ቀይ ነጥቦች ይታያሉ። የተጣራ ውሃ ያለበት ባዶው ስላይድ ጥቁር ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። በነጭ ብርሃን በግልጽ የሚታዩ አንዳንድ ሰማያዊ አረንጓዴ ክሮች በፍሎረሰንሱ እጅግ ደብዛዛ ናቸው። እነዚህ ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ተክል ከብርሃን ምግብ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች፣ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ብርሃን የሚሰበስቡት በአብዛኛው ፋይኮሳያኒን በሚባል ቀለም ሲሆን፣ እርሱም የሚቀበለው 620 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርቱካናማ ብርሃን እንጂ የእኔን ሰማያዊ አይደለም። እነርሱን በደንብ ለማየት ሌላ መብራትና ሌላ ማጣሪያ ያስፈልጋል። አለመብራት አለመኖር አይደለም ብዬ በጠርዙ ላይ ጻፍኩ።

ኅዳር 11

አዲስ እይታ በከፈትኩ ቁጥር አልጌዎቹ መጀመሪያ ደምቀው ይበሩና በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይደበዝዛሉ። የፍሎረሲኑ ጠብታም እንደዚሁ ደብዝዞብኝ ስለነበር፣ ብርሃን በበዛበት ጊዜ ሞለኪውሉ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ለዘለቄታው የሚጠፋበት መንጣት ነው ብዬ አለፍኩት። ሆኖም ለእራት ተጠርቼ መብራቱን አጥፍቼ ከሄድኩ በኋላ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ ቆይቼ ስመለስ እነዚያው አልጌዎች እንደ መጀመሪያው ደምቀው አገኘኋቸው። የነጣ ነገር ደግሞ አይመለስም።

ኅዳር 12

ሁለቱን ጎን ለጎን ፈተንኩ። ፍሎረሲን፦ ሁለት ደቂቃ ብርሃን፣ ሃያ ደቂቃ ጨለማ፣ እንደገና ብርሃን። እንደ ደበዘዘ ቀረ። አልጌ፦ በተመሳሳይ ሰዓት። ደበዘዘ፣ ተመለሰ፣ ደበዘዘ፣ ተመለሰ። ሦስተኛው ስላይድ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የሞተ አልጌ ነበር፤ ቀዩ ብርሃን አለ፣ ያ የመድመቅና የመደብዘዝ እስትንፋስ ግን የለም።

ይህን ጀርመናዊው ሃንስ ካውትስኪ ከባልደረባው ከሂርሽ ጋር እ.ኤ.አ. በ1931 መዝግቦት እንደነበር ትዝ አለኝ። በጨለማ የቆየ ቅጠል ድንገት ብርሃን ሲያገኘው፣ ምግብ የማዘጋጀቱ ሥራ ገና ስላልተጀመረ የተቀበለውን ጉልበት መጠቀም አይችልምና ከፊሉን በቀይ ብርሃን መልሶ ይረጨዋል፤ ሥራው ሲጀመርና ትርፉ በሙቀት መልክ መውጣት ሲችል ቀዩ ብርሃን ይቀንሳል። ስለዚህ ያየሁት የቀለም መጥፋት ሳይሆን ሕዋሱ ወደ ሥራ መግባቱ ነበር። ይህን ከመረዳቴ በፊት በሁለት ቀን ማስታወሻ ላይ «ነጣ» ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ ሰርዤ አስተካክያለሁ።

ኅዳር 17

የጥርስ ሐኪሙን እንደ ቃሌ ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ብዙ አልተናገሩም፣ ከዓይን ሌንሱም ለረዥም ጊዜ አልተነሡም። አብሯቸው የመጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደግሞ መሣሪያው ከሚሠራበት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ነገረኝ፤ በቲቢ ምርመራ ኦራሚን የሚባለው ቀለም በባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ካለው ማይኮሊክ አሲድ ከሚባል ቅባት ጋር ተጣብቆ በሰማያዊ ኤልኢዲ ስለሚበራ፣ ዝቅ ባለ ማጉላት ሰፊ ቦታ በፍጥነት መቃኘት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ምክረ ሐሳብ የቀድሞዎቹ የሜርኩሪ መብራት ያላቸው ማይክሮስኮፖች በኤልኢዲ እንዲተኩ መክሯል። እርግጥ እኔ ይህን ናሙና በቤቴም ሆነ በትምህርት ቤት አልነካውም።

ኅዳር 20

ማይክሮስኮፑን ወደ ክፍል ወሰድኩት። በስልክ ፎቶግራፍ ለማንሣት ስሞክር ስልኩ በራሱ ጨለማውን እያነጻ አስቸግሮኝ ስለነበር፣ የብርሃን መቀበያ ጊዜውንና የቀለም ሚዛኑን በእጅ አጽንቼ አስቀመጥኩ፤ ያለዚያ ሁለት ፎቶዎችን ማነጻጸር አይቻልም። የስልክ ካሜራ ወደ ሙቀት ጨረር የሚጠጋውን ቀይ የሚቆርጥ ማጣሪያ ስላለው፣ ቀዩ በዓይን ከሚታየው ይልቅ ደብዛዛ ይወጣል።

ተማሪዋ በተራዋ አየችና እጇን በኤልኢዲው ፊት አደረገች፤ ሁሉም ጠፋ። እጇን አነሣች፤ ተመለሰ። ያን ጊዜ ለቀድሞው ጥያቄዋ የተሟላውን መልስ ነገርኳት፦ ብርሃኑ የራሱ የሞለኪውሉ ነው፤ በመጽሐፍ የምታያቸው ፎቶዎች ግን ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ በሆነ ካሜራ የተነሡ ናቸው። እያንዳንዱ ማጣሪያ ለብቻው ይነሣና ቀለሙ በኋላ በኮምፒውተር ይሰጠዋል። ስለዚህ «የተቀባ ነው ወይ?» ማለቷ ስሕተት አልነበረም፤ ያንጊዜ በችኮላ የመለስኩት እኔ ነበርሁ። «ታዲያ ቀዩ አልጌ በፎቶ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል?» አለች። ይችላል፤ ለዚህም ነው በፎቶው ሥር የትኛው ማጣሪያ የትኛውን ቀለም እንደ ተሰጠው መጻፍ ያለበት። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ስም ማታ በዚያው መንገድ አስተካከልኳቸው።

ኅዳር 23

አሞንያው እየተነነ የመዳቡ ሙሙት ፈዝዟል፤ ከታችም ዝቃጭ መታየት ጀምሯል። አዲስ መሥራትና ክዳኑን በሰም ማተም አለብኝ። ለሳያኖባክቴሪያው የሚሆን ብርቱካናማ ኤልኢዲ ሬዲዮ ጠጋኙ እንደሚፈልግልኝ ነግሮኛል፤ ለእርሱ የሚስማማው ጥቁር ቀይ ማጣሪያ ግን ገና አልተገኘም።